ያገለገለ ማንዶሊን ስትገዙ አንገቱን እዩ

ማንዶሊን እንደ ጊታር በየሱቁ ተሰቅሎ አታገኙትም። የማንዶሊን ተጫዋቹን የአየለ ማሞን አጨዋወት ሰምቶ ልቡ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ያገለገለ ነው። ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ምናለሽ ተራም ከአሮጌ ሬዲዮ ጎን አንዳንዴ ብቅ ይላል። እኛ ኮዬ ፈጬ ለምንኖር ግን ሻጩ ቡራዩ ከሆነ ጉዞው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ከጎን የተነሳ ፎቶ አስልኩ። ሻጭ ሁሉ ፊት ለፊት አንስቶ ነው የሚለጥፈው፤ የጎበጠ አንገት ደግሞ ከፊት አይታይም።

ሻጩ ቤት ስትደርሱ ቡናው ይፈላ፣ ጨዋታውም ይቀጥል። እናንተ ግን ማንዶሊኑን አንሱና ጣውላ እንደሚመርጥ አናጢ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። ስምንት ክር ነው፤ ሲወጠር ወደ 70 ኪሎ ይጎትታል። ያ ሁሉ ጉልበት ለዓመታት ሲስበው ደካማ እንጨት ይታጠፋል። አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የዛገ ክር፣ የተላጠ ቀለም ግን ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ለመከራከሪያ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ቃኙት። እንደ ቫዮሊን ነው፦ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጥንድ ክር አለው። የስልካችሁን ቱነር (የመቃኛ መተግበሪያ) ከፍታችሁ ባዶውን ክር ምቱ፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት) ላይ ተጫኑ። ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። ከልኩ ካለፈ ብሪጁ (ክሩን ሆዱ ላይ የሚደግፈው እንጨት) ወደ ኋላ፣ ካነሰ ወደ አንገቱ ይገፋል። ብሪጁ በሙጫ አልተጣበቀም፣ የያዘው የክሩ ውጥረት ነው። ሻጩ «ቅኝቱ አስቸገረኝ» ብሎ ዋጋ ከቀነሰ ዝም በሉ፤ ምናልባት ብሪጁ ሸሽቶ ይሆናል።

አሁን ትዝታ ተጫወቱ። ከዶ የሚነሳው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አራቱም ባዶ ክሮች ውስጡ አሉ! ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ስጦታ የለም። ግን በትዝታ ብቻ አትመኑ። አንቺ ሆዬና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ውስጣቸው በግማሽ ድምፅ የሚጠጋጉ ድምፆች ስላሏቸው፣ በየፍሬቱ እንድትረግጡ ያስገድዳሉ። የተበላ ፍሬት ላይ ክሩ ዝዝዝ ይላል።

ስምንቱንም መቃኛ ቁልፍ አዙሩ። አንዱ ከጎደለ ተመሳሳዩን ማግኘት ፈተና ነው። ክር ካጣችሁ ግን ቀጭን የጊታር ክር ይሠራል፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ኳስ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አውጡ፣ የሚቀረው ቀለበት መንጠቆው ላይ ይገባል። ሆደ ክብ የሆነ አሮጌ ማንዶሊን ላይ ወፍራም ክር እንዳትጭኑ፣ ፊቱ ይሰምጣል።

ዋጋውን ሁሉን አይታችሁ ስትጨርሱ ተነጋገሩ። «የአባቴ ማስታወሻ ነው» ቢሏችሁ አክብሩ፤ ቁልፍ ጎድሎበት ሙሉ ዋጋ ቢጠሯችሁ ግን ተነሱ።