ተውኔትን በክፍል ውስጥ፦ ከአንድ መሐረብ መጀመር

ተውኔትን እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እያስነበብን የምናስተምር ከሆነ ተማሪው ይሰለቻል፣ ተውኔቱም ይሞታል። ጸሐፌ ተውኔቱ የሥራውን ግማሽ ለተዋናይና ለአዘጋጅ ትቶታል። እኔ የማደርገው ያንን ግማሽ ተማሪዎቼ እንዲሞሉት መጠየቅ ነው። ገቢር (የተውኔቱ ትልቅ ክፍል)፣ ትዕይንት፣ ቃለ ተውኔት (ተዋናዮቹ የሚናገሩት) እያሉ ትርጓሜ ማስጻፍ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ሩብ በላይ ሊወስድ አይገባም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው የሼክስፒር ተውኔት፣ በ«ኦቴሎ» ጀምሩ። ሙሉውን አታስነብቡ። ታሪኩን ባጭሩ ንገሯቸውና በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ገቢር ግቡ። ኦቴሎ ራሱን እንዳመመው ይናገራል፤ ሚስቱ ዴዝዴሞና በመሐረቧ ልታስርለት ትሞክራለች፤ እሱ መሐረቡ ትንሽ ነው ብሎ ያስተዋታል፤ ተያይዘው ይወጣሉ። መሐረቡ መሬት ላይ ቀርቷል። የዴዝዴሞና አገልጋይ ኤሚሊያ ታነሳውና ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፤ እሱም ዴዝዴሞና ኦቴሎን እንደከዳች ለማስመሰል ይጠቀምበታል።

አሁን ጠይቁ፦ መሐረቡን ማን ጣለው? ኦቴሎና ዴዝዴሞና ከሚነጋገሩት ውስጥ መልሱ አይገኝም። ስለዚህ ሦስት ቡድን ይሞክረው። በአንደኛው ኦቴሎ እጇን ይገፋታል። በሁለተኛው ማንም ሳያየው ይሾልካል። በሦስተኛው ደግሞ ዴዝዴሞና የባሏ ፊት አስጨንቋት እሷው ትለቀዋለች። እውነተኛ መሐረብ ይዛችሁ ግቡ፤ በወረቀት አይሆንም፣ ጨርቅ ሲወድቅ ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ ለዚህ ትዕይንት ያስፈልጋል። ሦስቱን ካዩ በኋላ ክፍሉ መከራከሩ አይቀርም። «ቲቸር፣ ከገፋትማ ጥፋቱ የራሱ ነው!» የሚል ይነሳል። ተዉት ይከራከር፤ ግን እያንዳንዱ ሐሳቡን ከገጹ ላይ በጣቱ ያሳይ።

እኔ በጣም የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዴዝዴሞና መሐረቧን የት እንደጣለችው ኤሚሊያን ትጠይቃታለች፤ ኤሚሊያም አላውቅም ትላለች። ታውቃለች እኮ! እዚህ ላይ ተዋናይዋን አስቁሟት። ከመመለሷ በፊት በልቧ እስከ አምስት ትቁጠርና ትዕይንቱ ይደገም። ከዚያ ሁሉም ደብተሩን አውጥቶ በዚያች ቅጽበት ኤሚሊያ ለራሷ የምትለውን በእሷ አንደበት ግማሽ ገጽ ይጻፍ። አንዱ ባሏን ፈርታ ነው ይላል፣ ሌላው ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥራው ነው ይላል። አምስተኛውን ገቢር የምታስነብቡት ከዚህ በኋላ ነው። ኤሚሊያ የመሐረቡን እውነት በሰዎች ፊት ትናገራለች፣ ባሏም ይገድላታል። ያኔ ብዙ ልጆች ማንም ሳያዛቸው ወደ ጻፉት ይመለሳሉ። ተመልካቹ የሚያውቀውን ዴዝዴሞና አለማወቋ ምን እንደሚያደርግ መግለጽ ያለባችሁም አሁን ነው፣ ቀድሞ ስለተሰማቸው።

ክፍሉ በተማሪ ቢጨናነቅም ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ በሰሌዳው ፊት ያለው ቦታና በዴስኮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ይበቃል። የማይተውኑት አዘጋጅ ወይም መዝጋቢ ይሁኑ፤ መዝጋቢው ማን ማንን እንዳየ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ ይጽፋል። ዓይናፋርን ልጅ በግድ አታስነሱ። ጥሩ አዘጋጆቼ አብዛኞቹ ከኋላ ወንበር የሚመጡ ዝምተኞች ናቸው።

አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን ወደሚያደርገው ንግግር ሲደርሱ የጸጋዬን የራሱን ሥራ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን አምጡ። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ጥይት እንደተገደሉ ተማሪዎቹ ያውቃሉ፤ ሐውልታቸውንም በአካል ወይም በፎቶ አይተውታል። ብቻቸውን ሆነው እመብርሃንን ሲማጸኑ ተዋናዩ ዓይኑን ወዴት ይጥላል? ወደ ሰማይ? ወደ ሕዝቡ? ወደ መሬት? እያንዳንዱን ሞክሩት፤ ድምፁ አብሮ ይለወጣል።

ማርክ ስትሰጡ ለትወና ችሎታ አትስጡ። ያ ለጥቂቶች የተሰጠ ጸጋ ነው፣ ሌላውን ያስቀይማል። ማርኩ ለደብተሩ ይሁን። በፈተና እኔ ያላነበቡትን ግማሽ ገጽ ቃለ ተውኔት እሰጥና «ሁለቱ ሰዎች የት ይቆማሉ? ማን ቀድሞ ይንቀሳቀሳል? ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ይህን ሊመልስ አይችልም።