ባሬላ ላይ አትቅሪ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጠዋት የሚሠራ ሕንፃ ጋ ብቅ ብትዪ ሴት አታጪም። አንዷ አሸዋ ትነፋለች፣ ሁለቱ ባሬላ፣ ያንን ለሁለት የሚያዝ መሸከሚያ፣ ይዘዋል። ከዓመታት በኋላ ተመልሰሽ ብትመጪ ያችው ልጅ ያችኑ ባሬላ ይዛለች፤ አብሯት የጀመረው ልጅ ግን ግንበኛ ሆኖ «ቶሎ በይ እንጂ!» ይላታል። እኔም እዚያው ነበርኩ። እንዴት እንደሚወጣ ልንገርሽ።

አንድ ሙያ ምረጪ። «የተገኘውን እሠራለሁ» ካልሽ የሚገኘው ሁሌም ሸክም ነው። ግንብ፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ ፌሮ (የብረት ሥራ)፣ የወደድሽውን። ለግንበኛ የምታቀብዪ ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚለካበትን ቱንቢና ውሃ ልክ እንዴት እንደሚይዝ እዪ፣ ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ አንድ መደዳ ልሞክር?» በዪው። የኔ የመጀመሪያ መደዳ ጠማማ ነበር። በእግሩ ገፍቶ ጣለውና «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

ዋናው ግን ስሌት ነው፣ እዚህ ላይ አትስነፊ። ፎርማን (የሠራተኞች አለቃ) የሚኮነው በደብተር ነው። 5 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 15 ካሬ ነው። 0.90 በ2.10 በር ካለው 1.89 ቀንሺ፣ 13.11 ይቀራል። ባለ 40 በ20 ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12.5 ይገባል፣ ስለዚህ 164 ብሎኬት፤ ለሚሰበረው 5 በመቶ ስትጨምሪ 172። ይሄን ማታ ሠርተሽ እደሪና ግድግዳው ሲያልቅ ስንት እንደገባ ቁጠሪ። ሁለት ሦስቴ ከገጠመልሽ ኢንጂነሩ ራሱ «ስንት ይበቃናል?» ብሎ አንቺን መጠየቅ ይጀምራል። (ሲሚንቶ በኩንታል ሲጠሩልሽ 2 ከረጢት ማለት ነው፣ እንዳትሸወጂ።)

ቀጥሎ ወረቀት። እጅሽ የለመደውን ሙያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተመዘኚበት። ተግባሩን አብሽሪ፣ እጅሽ ያውቀዋል። የሚያደናግረው የጽሑፉ ፈተና ስለሆነ ቴክኒክና ሙያ የተማረ ሰው አስጠኚኝ በዪ።

ሙያው ሲገባሽ ከቀን ሂሳብ ውጪና በካሬ ተዋዋዪ። በጽሑፍ! እኔ አንዱን ኮንትራክተር በቃል አምኜ የስንት ካሬ ልስን ገንዘቤን በልቶብኛል። ድርጅት ከቀጠረሽም የሥራ ውል ጠይቂ። አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጥሻል፤ ግን ውል ሳይኖርሽ አረገዝሽ ተብለሽ ብትባረሪ መከራከሩ ፈተና ነው።

ፎርማን ስትሆኚ ደግሞ «ሴት ታዘኛለች እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አትጨቃጨቂ። ቱንቢውን አውርጂና ግድግዳው ስንት ሴንቲ እንደወጣ አሳዪው። አፍርሶ ይድገመው።