ጋንቾው የቀደደውን ሻንሲ እንዴት አጠናከርኩት

መኪናዬ ከጭቃ ስትጎተት የፊቱ ጋንቾ (የመጎተቻ መንጠቆው) ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመውን ዋና ብረት፣ ሰነጠቀው። የቡሎኑ ቀዳዳ እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኗል። የሻንሲው ውስጡ ባዶ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ቡሎኑ ይላላል።

ከብየዳ በፊት ባትሪውን ፈታሁ። የስንጥቁን ጫፍ በትንሹ በሳሁት። ይሄ ካልተደረገ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ በየድኩት።

ዋናው መፍትሔ ግን ቱቦው ነው። ቡሎኖቹ በሚያልፉበት ሁሉ ወፍራም የብረት ቱቦ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስገብቼ በየድኩ። አሁን ቡሎኑ በደንብ ቢጠብቅም ግድግዳው አይጨፈለቅም። ከውጭ 6 ሚሊሜትር ላሜራ ደረብኩ፣ ጫፎቹን ሹል አድርጌ። ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ብየዳ ራሱ አዲስ መሰንጠቂያ ይሆናልና! ቡሎኖቹን 10.9 በሚባለው ከፍተኛ የጥንካሬ ደረጃ ባላቸው ቀየርኩ። ጉተታው አንድ ጎን ላይ ብቻ እንዳያርፍ ሁለቱን ጎን በአግዳሚ ብረት አያያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ስትጎተት ጋንቾው ንቅንቅ አላለም።