በብሊች የነጣ ፕላቲነም ፀጉር፦ ቤት ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕላቲነም ፀጉር፣ ማለትም ወደ ነጭ እስኪጠጋ የነጣ ፀጉር፣ በአብዛኛው የሚበላሸው ብሊች በተደረገበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ቤት ውስጥ ነው። ቢጫ ነገር በታየ ቁጥር ሌላ ኬሚካል ለመጨመር መቻኮል ነው ጉዳቱን የሚያባብሰው።

በብሊች ዱቄት ውስጥ ያሉት ፐርሰልፌቶችና ከዱቄቱ ጋር በሚበጠበጠው ፈሳሽ፣ በዲቨሎፐሩ፣ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ የፀጉሩን የውጭ ቅርፊት ከፍተው ይገቡና ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን ያፈርሱታል። ሜላኒኑን ብቻ መርጠው ግን አይነኩም። የፀጉሩን ፕሮቲን አስተሳስሮ የያዘውን የሰልፈር ማሰሪያ ይበጥሳሉ፣ ላዩን ሸፍኖ ውሃ የሚከላከለውን ስስ የስብ ሽፋንም ይገፉታል። ስለዚህ የነጣ ፀጉር ውሃ ቶሎ ይመጥጣል፣ ያገኘውን ቀለም ሁሉ ይቀበላል፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ በቀላሉ ይበጠሳል። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ መነሻቸው ይህን መርሳት ነው።

ቢጫን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ፀጉር በአምስት የተለያዩ ምክንያቶች ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረና አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ ማጅራት አካባቢ ወይም መሃል ላይ፣ ጠቆር ብሎ የሚታይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ፀጉሩ በበቂ ሁኔታ አልነጣም ማለት ነው። ሐምራዊ ሻምፑ ለዚህ ምንም አያደርግም። በጥንቃቄ እንደገና መንጣት አለበት፤ ያም ቢሆን ፀጉሩ ቢያንስ 2 ሳምንት ካረፈ በኋላ።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ፣ በሁሉም ቦታ እኩል የመጣ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ቶነሩ፣ ማለትም ከብሊች በኋላ ቢጫውን ለማጥፋት የሚቀባው ቀለም፣ ታጥቦ ወጥቷል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ቶነር ዕድሜው አጭር ነው።

ጫፎቹ ላይ የሚበረታ፣ ድብዝዝ ያለ፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ፀጉሩም ሲዳሰስ ሻካራ ከሆነ ጥፋተኛው ውሃው ነው። ብረትና መዳብ ያለበት ውሃ በየእጥበቱ ጥቂት ጥቂት ማዕድን ይተዋል። የዋናተኞችን ፀጉር አረንጓዴ የሚያደርገውም ብዙዎች እንደሚያስቡት ክሎሪኑ ሳይሆን መዳቡ ነው። መፍትሔው ኢዲቲኤ ያለበት ማዕድን አጣቢ ሻምፑ ነው፤ በ3 ወይም በ4 ሳምንት አንዴ ይበቃል።

በድንገት የመጣ፣ ፔስትራ በሚያልፍበት ፊት ለፊትና ጫፍ ላይ ብቻ የሚታይ ቢጫ የሙቀት ቃጠሎ ነው። ይህ አይታጠብም። ሐምራዊ ቀለም ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ የተቃጠለው ክፍል መጨረሻው መቀስ ነው።

አምስተኛው በጣም ቀላሉ ነው፤ የዘይት፣ የሲሊኮንና የጭስ ክምችት። ፀጉር ላይ የሚቀቡ ወርቃማ ዘይቶች ራሳቸው ነጭ ፀጉርን ሊያቀልሙ ይችላሉ፤ ዘይት ሲመርጡ ቀለም አልባውን ይምረጡ።

ማንኛውንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ፀጉርዎን በጥልቀት በሚያጸዳ ሻምፑ አንዴ ይጠቡት፣ በራሱ ጊዜ ይድረቅ፣ ከዚያ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ይዩት። የመታጠቢያ ቤት አምፖል ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ቢጫ ስለሆነ ያሳስታል። ከዚህ አንድ እጥበት በኋላ ቢጫው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ቶነርም ብሊችም አያስፈልግዎትም ነበር።

ሐምራዊ ሻምፑን በየእጥበቱ መጠቀም

ሐምራዊ በቀለም ክብ ላይ ከቢጫ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ቢጫውን ያጠፋዋል። ግን ይህ ማንጣት አይደለም፤ በቢጫ ላይ ሌላ ቀለም መደረብ ነው። በተደረበ ቁጥር ፀጉሩ በጥቂቱ ይጠቁራል። በየእጥበቱ የሚጠቀሙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ፀጉሬ አመድ መሰለ፣ ብርሃኑ ጠፋ» የሚሉት ለዚህ ነው። ብዙ ውሃ የሚመጥጠው ጫፍ ደግሞ ከሥሩ ቀድሞ ሐምራዊ ይሆናል።

በሳምንት አንዴ ይበቃል። ፀጉሩ በደንብ ርሶ፣ ትርፍ ውሃው ከተጨመቀ በኋላ ሻምፑውን መጀመሪያ ቢጫ የበዛበት ቦታ ላይ ያድርጉ፤ ጫፉን መጨረሻ ላይ ይንኩት። 2 ደቂቃ ቆይተው ይዩት፣ ካስፈለገ እስከ 5 ደቂቃ ያድርሱት። ደረቅ ፀጉር ላይ መቀባት ጠንካራ ውጤት ያመጣል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ዝንጉርጉር አድርጎ ነው የሚይዘው። ሐምራዊ ሆኖ ከቀረ አይደንግጡ፤ በሚያጸዳ ሻምፑ አንድ ሁለቴ ሲታጠብ ይለቃል። ከእጥበቱ በኋላ ኮንዲሽነር አይዝለሉ፤ ብዙዎቹ ሐምራዊ ሻምፑዎች ያደርቃሉ።

ከቶነር የማይችለውን መጠበቅ

ቶነር ፀጉርን አያነጣም። ፀጉሩ የሙዝ ልጣጭ የውስጠኛው ገጽ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ካልደረሰ ፕላቲነም አይሆንም፤ ብርቱካናማ ላይ ሐምራዊ ቶነር ቢያፈሱ የሚያገኙት ጭቃ የመሰለ ቀለም ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ዲቨሎፐር ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ያለው ነው፤ ለተጎዳ ፀጉር 6 በመቶ መጠቀም አላስፈላጊ ነው። ብዙዎቹ ፈሳሽ ቶነሮች 1 እጅ ቶነር ከ2 እጅ ዲቨሎፐር ጋር ይቀላቀላሉ። ፀጉሩ በፎጣ ታሽቶ ሳይሆን ተጨምቆ እርጥበት ያለው ብቻ ይሁን፤ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቶነሩ ይቀጥንና እኩል አይይዝም። ከ5ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየ2 ደቂቃው አንድ ዘለላ ጠርገው ይዩ። ሲቀባ ላዩ ላይ የሚታየው ጥቁር ሐምራዊ የቶነሩ ቀለም እንጂ የፀጉሩ አይደለም፤ ሳይጠርጉ መፍረድ አይቻልም። ቶነሩን ከመጠቀምዎ 48 ሰዓት በፊት ክርን እጥፋት ላይ ወይም ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብተው አለርጂ መኖሩን ይፈትሹ።

ሥር ሲነጣ አስቀድሞ በነጣው ላይ ብሊች መደረብ

ቤት ውስጥ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ሙቀት ብሊቹን ያፈጥነዋል፤ ያ ሙቀት የሚደርሰው ግን ለቆዳው ለቀረበው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሥሩ በ4ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል ከተሠራ እኩል ይነጣል። 3 ወር ከቆየ ቆዳው አጠገብ ያለው ቶሎ ይነጣና ራቅ ያለው ብርቱካናማ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ቀለበት ማስተካከል ለባለሙያ ቢተው ይሻላል። በተቃራኒው በየ2 ሳምንቱ መሥራትም አይሆንም፤ ያደገው 5 ሚሊሜትር ስለሆነ ብሩሹ የድሮውን መንካቱ አይቀርም።

አንዴ የነጣ ፀጉር ላይ ብሊች ሲደረብ መጀመሪያ የሚበጠሰው በአዲሱና በአሮጌው ድንበር ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ ዙሪያውን አጫጭር ቁመው የሚታዩ ፀጉሮች አዲስ የበቀሉ ይመስላሉ፤ ጫፋቸው ሹል ካልሆነና ደንዘዝ ብሎ የተቆረጠ ከመሰለ የተበጠሱ ናቸው። ለመከላከል ከድንበሩ ጀምሮ እስከ ጫፍ ወፍራም ኮንዲሽነር ወይም የኮኮናት ዘይት ይቀቡ፤ ብሊቹን ደግሞ ከድንበሩ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቀደም ብለው ያቁሙት። ብሊች ሲሠራ ያብጣል፣ ቀሪውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል።

ለሥር ብቻ 30 ግራም ዱቄት ከ60 ሚሊሊትር ዲቨሎፐር ጋር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ሁለተኛ ዙር ይበጥብጡ እንጂ መጀመሪያውኑ እጥፍ አያዘጋጁ፤ የተበጠበጠ ብሊች በቆየ ቁጥር ይደክማል። የዱቄቱ ማሸጊያ ሌላ ልክ ከጻፈ እሱ ይቅደም። ሳህኑ ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ ብረት ከፔሮክሳይድ ጋር ይቀጣጠላል ባይባልም ቅልቅሉን ሊያበላሽ ይችላል። የራስ ቆዳ ላይ ከ6 በመቶ፣ ማለትም ከ20 ቮልዩም፣ በላይ አይውጡ። 12 በመቶ ፍጥነት እንጂ የተሻለ ንጣት አይሰጥም፤ ቆዳ ግን ያቃጥላል።

ብሊች ከማድረግዎ በፊት ባሉት 1 ወይም 2 ቀናት ፀጉርዎን አይታጠቡ፤ የቆዳው ተፈጥሯዊ ቅባት መከላከያ ነው። ፀጉሩን በግማሽ ሴንቲሜትር ስፋት እየከፈሉ ከኋላ ይጀምሩ፤ ግንባር ዙሪያ ያለው ቀጭን ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይሁን። ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ በየ5 ደቂቃው አንድ ዘለላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ጊዜ አይለፉ፣ ካስክ ወይም ሌላ ሙቀት አይጨምሩ፣ ብሊቹ እንዲደርቅም አይተዉት፤ ሲደርቅ ሥራው ይቆማል። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ፤ ፐርሰልፌት አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። የተረፈውን ቅልቅል በተከደነ ዕቃ አያስቀምጡ። የሚለቀው ጋዝ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ቀደም ሲል በሪላክሰር የተለሰለሰ ወይም ሂና የተቀባ ፀጉር ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ብሊች አይደረግም፤ ነጥብ። ሪላክሰር ማሰሪያዎቹን አስቀድሞ ለውጧቸዋል፣ ብሊቹ ቀሪውን ይጨርሳል። አንዳንድ ሂናዎች ውስጥ ያለው የብረት ጨው ከፔሮክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ፀጉሩን እስከማጋልና እስከማጨስ ይደርሳል።

ፕሮቲንና እርጥበትን ማምታታት

«ተጎድቷል» ሲባል ሁሉም የሚሮጠው ወደ ፕሮቲን ማስክ ነው። ቀድሞ መፈተሽ ይሻላል። ከታጠቡ በኋላ ከኋላ በኩል አንድ ነጠላ ፀጉር ይንቀሉ፣ 10 ሴንቲሜትር ያህሉን በሁለት እጅ ጣቶች ይያዙና ቀስ ብለው ይሳቡ። ወደ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ተለጥጦ ሲለቁት ከተመለሰ ደህና ነው። ሳይለጠጥ ጠቅ ብሎ ከተበጠሰ ደርቋል ወይም ፕሮቲን በዝቶበታል፤ እርጥበት የሚሰጥ ማስክ በየሳምንቱ፣ ፕሮቲን ለጊዜው ይቁም። ተለጥጦ ተለጥጦ ካልተመለሰ፣ በጣት መካከልም ሙልጭልጭ ካለ ውስጡ ፈርሷል፤ ፕሮቲንና ማሰሪያ ጠጋኝ ትሪትመንት ያስፈልገዋል፣ ብሊች ግን በፍጹም። ጤነኛ ለሆነው ፕሮቲን በወር አንዴ ከበቂ በላይ ነው።

ማሰሪያ ጠጋኞቹም አጠቃቀማቸው ይለያያል። ኦላፕሌክስ ቁጥር 3 ከሻምፑ በፊት እርጥብ ፀጉር ላይ ተቀብቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይና ይታጠባል፤ ኮንዲሽነር አይደለም፣ ኮንዲሽነሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ኬ18 ግን ከሻምፑ በኋላ፣ ኮንዲሽነር ሳይነካው፣ በፎጣ በተጨመቀ ፀጉር ላይ ይቀባል፤ 4 ደቂቃ ይጠበቃል እንጂ አይታጠብም። ቀድሞ ኮንዲሽነር ማድረግ ገንዘብን ውሃ ላይ መጣል ነው።

እርጥብ ፀጉርን በፔስትራ መተኮስ

«ችስ» የሚለው ድምፅና የሚወጣው እንፋሎት ፀጉሩ ውስጥ የታሰረው ውሃ እየፈላ መሆኑን ያሳያሉ። ፀጉሩ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፣ ከዚያም በዚያው ቦታ ይበጠሳል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ ሙቀት መከላከያ መቀባት አለበት፤ ሙቀቱም ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ መሃል ይሁን፣ ቀጭን ፀጉር ወደ ታችኛው። ዲግሪ የማያሳይ ፔስትራ ለነጣ ፀጉር መጠቀም ቁማር ነው። ፎን ከሆነ በመካከለኛ ሙቀት፣ ከ15 ሴንቲሜትር ርቀት።

ሻካራ ፎጣ፣ ጠባብ ማበጠሪያ፣ ጠባብ ላስቲክ

እርጥብ ሆኖ የሚደክም ፀጉር በፎጣ አይታሽም፣ ይጨመቃል። ማበጠሪያው ጥርሱ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይወጣል። እርጥቡን ጠብቆ ማሰርና ረጥቦ መተኛት ሁለቱም ይበጥሳሉ። እጥበት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለብ ባለ ውሃ፤ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ቅርፊቱን ይዘጋል የሚባለው የተጋነነ ነው። ቅርፊቱን የሚያረጋጋው የኮንዲሽነሩ አሲዳማነት ነው።

ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ

ቤኪንግ ሶዳ አልካላይ ስለሆነ ቀድሞውኑ የተከፈተውን ቅርፊት የበለጠ ይከፍተዋል። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ደግሞ ያደርቃል፤ ፀሐይ ራሷ በጊዜ ብዛት የነጣ ፀጉርን ቢጫ ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ሻሽ ወይም ባርኔጣ ከሎሚ ይበልጣል።

ደረቁን ይዞ ገንዳ ውስጥ መግባት

የጠማው ፀጉር መጀመሪያ ያገኘውን ውሃ ይጠጣል። ከዋና በፊት በንጹህ ውሃ ያርሱት፣ ኮንዲሽነር ይቀቡ፣ ቆብ ያድርጉ። ከገንዳ እንደወጡ ወዲያው ያለቅልቁት። አረንጓዴው ከያዘ በብሊች ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ መዳብ ከፔሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ማዕድን አጣቢውን ሻምፑ ቀብተው 5 ደቂቃ ያቆዩት፣ ይጠቡት፣ ካልለቀቀ በሚቀጥለው እጥበት ይድገሙት።