የጋራ ጓሯችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት

በኮንዶሚኒየም ግቢ አብራችሁ አትክልት ለምትተክሉ ጎረቤቶች አንድ ምክር አለኝ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ሁሉንም ነቅላችሁ አትጨርሱ። ከሐበሻ ጎመኑ ጠንካራ ጠንካራውን አራት አምስት እግር ለዘር ተዉት። ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ንቦቹም ይመጣሉ፣ ደስ ሲል! የዘሩ ከረጢት መድረቅ ሲጀምር፣ ሳይፈነዳ፣ በጠዋት ጤዛ ሳለ ቁረጡት። ያኔ ዘሩ አይረግፍም። በወረቀት ከረጢት ዘቅዝቃችሁ ጥላ ቦታ ስቀሉት። በደንብ ሲደርቅ በእጃችሁ ፈተግ ብታደርጉት ድብልብል ደቃቅ ዘር ይወርዳል። ለየቤቱ ተካፈሉት።

ፎሶሊያውን ደግሞ ከነሥሩ አትንቀሉ። ግንዱን ከአፈሩ እኩል ቁረጡ። ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እባጮች ናይትሮጅን አላቸው፤ እዚያው ሲበሰብሱ ለሚቀጥለው ተክል ምግብ ይሆናሉ። በሽታ የመታው ቲማቲም ግን ኮምፖስቱ ውስጥ አይግባ።

የውኃውን ሂሳብ ሰው ሳይበተን ዝጉ። እኛን አምና ያስቀየመን እሱ ነበር፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ቅሬታው ግን ከረመ። ዶማና አካፋው ማን ቤት እንደሚቀመጥም በዚያው ተነጋገሩ።