ከሻድ መንጋ ሥር የሚያደባውን ትልቅ ባስ እንዴት ማጥመድ ይቻላል?

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሉ የግድብ ሐይቆች ላይ በበጋው ማብቂያና በመኸር ውሃው በድንገት መንቦጫረቅ ሲጀምር፣ ሻድ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች እየዘለሉ ሲበተኑ ታያላችሁ። ባስ የሚባሉት ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ የሐይቅ ዓሦች ከሥር ወደ ላይ እየገፏቸው ነው። ያየ ሁሉ ማባበያውን፣ ማለትም ምግብ መስሎ የተሠራውን ባለ መንጠቆ ዕቃ፣ እዚያው መሐል ይወረውራል። የሚወጣለትም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ነው። ላይ የሚሻሙት አብዛኞቹ ወጣቶቹ ናቸው። ትልልቆቹ ከመንጋው ሥር ወይም ዳር ላይ ሆነው፣ ቆስሎ ወይም ደንዝዞ የሚወርደውን ሻድ ይለቅማሉ። አንድ ትልቅ ባስ ለአምስት ሳንቲሜትር ዓሣ ብሎ እየተሯሯጠ ጉልበቱን አያባክንም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተዘጋጀው ማባበያውን ወደዚያ ወደ ሥረኛው ዓሣ ለማድረስ ነው።

ሐዋሳ ላይ ቆሮሶን በትል ማጥመድ የለመደ ሰው ይህኛው መጀመሪያ ግር ሊለው ይችላል። እዚህ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም፤ ምግቡ ሲንቀሳቀስ ባሱም አብሮት ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ ሐይቁ ውስጥ ያለው ምግብ ምን እንደሆነ ለዩ

ትሬድፊን ሻድ በብዛት ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚሆን፣ ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) እየበላ በትልልቅ መንጋ የሚዞር ዓሣ ነው። ብርድ አይችልም፤ የውሃው ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲወርድ መሞት ይጀምራል። ጊዛርድ ሻድ ግን ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ያድጋል፤ ሙሉ መጠኑ ላይ ከደረሰ የሚውጠው በጣም ትልቅ ባስ ብቻ ነው። ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ እንዳለው ሌኒየር ሐይቅ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ብሉባክ ሄሪንግ የሚባል ሌላ የባስ ምግብ የሆነ ዓሣ አለ። እሱ ፈጣን ነው፤ ቀዝቀዝ ያለና ክፍት ውሃ ይወዳል፤ ዛሬ ያገኛችሁበት ቦታ ነገ ላይገኝ ይችላል። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በአና ሐይቅ ሻዱም ሄሪንጉም አለ።

መጠኑን ለማወቅ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። የያዛችሁት ባስ ጉሮሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሻድ ጅራት ብቅ ብሎ ይታያል፤ በጣታችሁ ለኩት። በመኸር የዓመቱ ጫጩት ገና ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓሣ ለመያዝ ከፈለጋችሁ ያንኑ መጠን ምሰሉ። ትልቁን ከፈለጋችሁ ግን ከዚያ ከፍ ያለ፣ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር የሚሆን ማባበያ እሰሩ። የሚነክሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ይህን አስቀድማችሁ ተቀበሉት።

የት ነው የሚፈለገው?

በበጋ ሐይቁ በሙቀት ይከፈላል። ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ ከሚለያዩበት ንብርብር፣ ማለትም ከቴርሞክላይን በታች ኦክስጅን ስለሚያንስ ሻዱም ባሱም ከዚያ በላይ ይቀመጣሉ። በብዙ የደቡብ ሐይቆች ይህ መስመር ከ5 እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። የሶናሩን፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ ከውሃው ሥር ያለውን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ትብነት ከፍ ስታደርጉ እንደ ስስ ጭጋግ የተዘረጋ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚህ መስመር በታች መወርወር ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ የሚፈለገው ረጅም ሆኖ ወደ ውሃው የገባ የመሬት ሹል፣ ከውሃ ሥር ያለ ጉብታ፣ ወይም ውሃው ከመገደቡ በፊት ወንዙ ይፈስበት የነበረው ቦይ ዳር ነው፤ ያውም ከዚያ መስመር በላይ ያለው ክፍል። ግድቡ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ውሃ ሲለቅ በሐይቁ ውስጥ ጅረት ይፈጠራል፤ ሻዱ ይገፋል፣ ባሶቹም ከጅረቱ ተቃራኒ ዞረው መብላት ይጀምራሉ። የአንዳንድ ግድቦች የመልቀቂያ ሰዓት አስቀድሞ ስለሚገለጽ ከመውጣታችሁ በፊት ተመልከቱት።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ውሃው ሲቀዘቅዝ ሻዱ ገባር ወንዞች ወደሚገቡባቸው ጠባብ ክንዶች ይጓዛል። ከክንዱ መግቢያ ጀምራችሁ በየመሬት ሹሉ እየፈተሻችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ነፋስም መልካም መሪ ነው፤ ፕላንክተኑን ወደሚነፍስበት ዳርቻ ይገፋል፣ ሻዱም ይከተለዋል። ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ዳርቻ ለመቆም አይመችም፣ ግን ሰው የሚሸሸው ያ ጎን ነው የሚሻለው።

ጀልባ የሌላችሁ አትቅሩ። በድንጋይ የተነጠፈ የግድብ ወይም የድልድይ ዳር፣ ጥልቅ ውሃ የሚጠጋው ከሆነ፣ ሻድ ይተላለፍበታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ውርወራዎች ከድንጋዩ ጋር ትይዩ አድርጉ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ክፍቱ ውሃ እየዞራችሁ ወርውሩ።

ሶናሩ ምን ይላል?

መጀመሪያ መሣሪያው በራሱ የዓሣ ሥዕል የሚያወጣበትን ምርጫ አጥፉት። ለቅጠልም ለአረፋም ዓሣ ይሥላል። ጥሬውን ምስል ስታዩ ሻዱ ደመና መስሎ፣ ባሱ ደግሞ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ወፈር ያለ ቅስት ወይም ጭረት ሆኖ ይታያል። ደመናው ላላ ብሎ ተዘርግቶ ከሥሩ ምንም ከሌለ የሚበላው የለምና ቦታውን ልቀቁ። ተጨምቆ ኳስ ከሆነ፣ መሐሉ ከተቦደሰ፣ ወይም ወደ ታችኛው ወለል ከተጣበቀ እየተባረረ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ተራው ሶናር የሚያሳየው ከጀልባው ሥር ያለውን ብቻ ነው። 20 ዲግሪ የሚከፈት ጨረር በ6 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚሸፍነው ክብ ስፋቱ ወደ 2 ሜትር ብቻ ነው። «ዓሣ የለም» ከማለታችሁ በፊት በጉብታው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ከ2018 ወዲህ እንደ ጋርሚን ላይቭስኮፕ ያሉ ወደ ፊት የሚያዩ ሶናሮች ይህን ችግር አቃለዋል፤ ዋጋቸው ግን ያገለገለ ጀልባ መግዣ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ያለ እነሱም ይሠራል።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ሁለት ዘንግ ይበቃል።

የመጀመሪያው ለስዊምቤይት ነው፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ፣ ጅራቱ የሚወዛወዝ። 2.1 ሜትር ርዝመት ያለው መካከለኛ-ጠንካራ ዘንግ፣ ከ12 እስከ 15 ፓውንድ (ከ5.5 እስከ 7 ኪሎ ገደማ) የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባል የፕላስቲክ ክር፣ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር የሚሆን ስዊምቤይት፣ እና የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ። የውሃው ጥልቀት 4 ሜትር የማይሞላ ከሆነ ግማሽ አውንስ (14 ግራም)፣ ከ7 ሜትር በላይ ከሆነ ሦስት አራተኛ አውንስ (21 ግራም)። ነጭ ወይም ጀርባው ግራጫ የሆነ ቀለም ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ያለው የቀለም ብዛት የሚያጠምደው ሰውን ነው።

ሁለተኛው ለፍላተር ስፑን ነው። ከ13 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚረዝም ስስ ብረት ሲሆን፣ ሲወርድ እየተንሸራተተና እያብለጨለጨ የሚሞት ሻድ ይመስላል። ከ2.2 እስከ 2.4 ሜትር የሆነ ጠንካራ ግን ጫፉ የሚታጠፍ ዘንግ፣ ከ17 እስከ 20 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ይፈልጋል። የተገመደ ክር ስለማይለጠጥ ባለ ሦስት ጫፉ መንጠቆ በትግሉ መሐል የዓሣውን አፍ ቀዶ ሊወጣ ይችላል። ስፑኑ ክሩን ስለሚያጠማዝዝ ከማባበያው 50 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ትንሽ የብረት ማያያዣ) እሰሩ። ይህን የተወ ሰው ብዙም ሳይወረውር ክሩ ሪሉ (የክር መጠቅለያው) ላይ ይተበተብበታል። ከፋብሪካ የመጣው መንጠቆ ጥፍራችሁን ሲነካ የሚንሸራተት ከሆነ ደንዟልና ቀይሩት።

የሪሉን ድራግ፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩ የሚለቀቅበትን ጥብቀት፣ ከክሩ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ላይ አስተካክሉ፤ 15 ፓውንድ ለሚችል ክር ሁለት ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ክሩን ከትንሽ የእጅ ሚዛን ጋር አስራችሁ ስትስቡ መለካት ይቻላል።

አቀራረብና አወራወር

የጀልባውን ዋና ሞተር ቢያንስ 80 ሜትር ሲቀራችሁ አጥፉ። በትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር በዝግታ፣ ሳታበሩ ሳታጠፉ፣ በአንድ ፍጥነት ቅረቡ፤ ባሱን የሚያስደነግጠው ከድምፁ ይልቅ የድምፁ መቀያየር ነው። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ከ25 እስከ 30 ሜትር ርቀት ላይ ቁሙ።

ከመወርወራችሁ በፊት የመውረጃ ፍጥነቱን እወቁ። ጥልቀቱ በሚታወቅ ቦታ ማባበያውን ከጀልባው ጎን ልቀቁና ቁጠሩ። 6 ሜትሩን በ15 ቁጥር ከጨረሰ በአንድ ቁጥር 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ሻዱ 3 ሜትር ላይ ከሆነና ባሱ 4.5 ሜትር ላይ ከታየ፣ 10 ወይም 11 ቆጥራችሁ ከባሱ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ አድርጉ። ባስ ምግቡን ወደ ላይ እያየ ይይዛል እንጂ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ መብላት ብዙም አይወድም።

የሚወረወረው ከመንጋው ባሻገር 5 ሜትር አሳልፎ፣ ወደ ዳሩ ነው። ስዊምቤይቱን በዝግታ፣ ጅራቱ ሲወዛወዝ በዘንጉ በኩል እንዲሰማችሁ ያህል ብቻ ጠቅልሉ። ከመንጋው ዳር ሲወጣ አንድ ጊዜ አቁሙት፤ ግማሽ ሜትር ይውረድ፤ ከዚያ ቀጥሉ። ከመንጋው የተነጠለ ዓሣ የሚመስለው ያኔ ነው።

ስፑኑ ሌላ አሠራር አለው። እስከ ወለሉ ይውረድ፣ ከዚያ ዘንጉን ከወገባችሁ እስከ ግንባራችሁ በኃይል አንሡት፣ ሲወርድ ደግሞ በጫፉ ተከተሉት። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ክሩን ወጥራችሁ ካወረዳችሁት ስፑኑ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አያብለጨልጭም። ጨርሶ ከለቀቃችሁት ደግሞ ሲነከስ አታውቁም። በጥቂቱ የላላ፣ ዓይናችሁ የሚያየው ክር ያስፈልጋል። ንክሻው በአብዛኛው በመውረድ ላይ ስለሚመጣ እጅ ላይ «ጠቅ» ላይል ይችላል። ክሩ ወደ ጎን ከዘለለ፣ ወይም በአምስተኛው ቁጥር ወለል መድረስ የነበረበት ስፑን በሦስተኛው ከቆመ፣ ሳትጠራጠሩ ጠቅልላችሁ ሳቡ።

ላይ ላዩ ሲታመስስ? የሚታመሰው አንዳንዴ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሆነ በሞተር አታባርሩት፤ የሚሄድበትን አቅጣጫ አይታችሁ ፊቱ ላይ ቁሙ። ከ11 እስከ 13 ሳንቲሜትር የሚሆን ላይ የሚንሳፈፍ ማባበያ መሐል ሳይሆን ዳር ላይ ጣሉና የውሃው ክብ እስኪጠፋ አትንኩት። ትርምሱ ሲያበቃ ብዙዎች ይሄዳሉ፤ እናንተ ያኔ ስፑኑን እዚያው ቦታ ላይ አውርዱ። የተጎዳው ሻድ እየወረደ ነው፣ ትልቁም ሥር ነው ያለው።

ጃንጥላ የሚመስለው ባለ አምስት ሽቦ ማባበያ፣ አላባማ ሪግ የሚሉት፣ መንጋውን ራሱን ይመስላል። በ2011 ባለሙያ የባስ አጥማጁ ፖል ኤሊያስ በአላባማ ግዛት በጋንተርስቪል ሐይቅ ውድድር ካሸነፈበት በኋላ በየቦታው ተስፋፋ። ውሃው ሲቀዘቅዝ በጣም ይሠራል። ሆኖም ስንት መንጠቆ እንደሚፈቀድ በየግዛቱ ይለያያል፤ ሳታረጋግጡ አትጠቀሙበት።

የማይነክስ ከሆነ፣ ወይም ከተነከሰ በኋላ የሚያመልጥ ከሆነ

ተከትሎ መጥቶ የሚመለስ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ማባበያውን ለረጅም ጊዜ አይቶታል። ፍጥነቱን ሳትቀንሱ ሁለት ሦስት ዙር በፍጥነት ጠቅልሉ፤ የሚሸሽ ምግብ ያስጎመጀዋል። ትናንሾቹ ብቻ ከያዛችሁ ከነሱ ደረጃ በታች አልወረዳችሁም ማለት ነው፤ ክብደቱን ጨምሩ። ሻዱ በየቦታው ተበትኖ ምንም ካልነከሰ የእናንተ ማባበያ ከሺዎቹ አንዱ ሆኗል፤ ከመንጋው ራቁና ጥቂት ሻድ ብቻ ያለበትን ጉብታ ፈልጉ።

በስዊምቤይት ሲነከስ ዘንጉን በድንገት አትመንጭቁ። ዘንጉ እስኪጎብጥ ጠቅልላችሁ ከዚያ ወደ ጎን ሳቡ። በስፑን የተያዘው ሲዘል ከባዱን ብረት እያወዛወዘ መንጠቆውን ያስወጣል፤ ክሩ ወደ ላይ መምጣት ሲጀምር የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ። ባለ እጀታ መረብ ይኑራችሁ። ክሩን በእጅ ይዞ ማንሣት አብዛኛውን ትልቅ ዓሣ ጀልባው ጥግ ላይ ያስመልጣል።

ፈቃድና መልሶ መልቀቅ

በቨርጂኒያና በጆርጂያ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ በቴክሳስ ከ17 ዓመት ጀምሮ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት በደቂቃዎች ይገዛል። የመጠን ገደቡ ደግሞ በየሐይቁ ይለያያል። ከዳላስ በስተምሥራቅ ባለው በሌክ ፎርክ ለምሳሌ ከ16 እስከ 24 ኢንች (ከ41 እስከ 61 ሳንቲሜትር ገደማ) የሆነ ባስ ወዲያው መለቀቅ አለበት። ስለዚህ መለኪያ ማስመሪያ ጀልባው ላይ ይኑር።

ትልቁን ዓሣ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥላችሁ አትያዙት፤ ሌላው እጃችሁ እርጥብ ሆኖ ሆዱን ይደግፍ። ከ9 ሜትር በላይ ጥልቀት የወጣ ባስ የአየር ከረጢቱ ሊነፋበትና በጎኑ ሊንሳፈፍ ይችላል። ያን ጊዜ መንጠቆውን በፍጥነት አውልቁ፣ ፎቶውን አሳጥሩት፣ ልክ እንዳበቃችሁ ልቀቁት። በራሱ መጥለቅ የማይችል ዓሣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካጋጠማችሁ ያን ጥልቀት ትታችሁ ከፍ ወዳለው ጉብታ ተዛወሩ።