ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፦ ሊኑክስ ላይ በሕግ ምክንያት የሚጎድሉ ፓኬጆች

ሊኑክስ ገና እንደጫናችሁ ቪዲዮ ከፈታችሁ። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ፋይሉን እንዳትሰርዙት፤ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። የጎደለው ኮዴክ ነው፣ ማለትም የታመቀውን ቪዲዮ ፈትቶ የሚያሳየው ሶፍትዌር፤ እሱም ተረስቶ አይደለም። ኤች 264 እና ኤች 265 የሚባሉት የቪዲዮ ቅርጸቶች በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) የተያዙ ስለሆኑ፣ ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሙሉውን ኮዴክ ከራሱ ጋር አያከፋፍልም። ኤምፒ3ም ለዓመታት ይኸው ጣጣ ነበረበት። የተገላገለው እ.ኤ.አ. በ2017 ፓተንቱ ሲያበቃ ነው።

መፍትሄው፦ ፌዶራ ላይ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን የፓኬጆች (ለመጫን የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች) ማከማቻ ጨምሩ። መጨመሩ ብቻ ግን አይበቃም። ቀድሞ የተጫነው የተቀነሰ የኮዴኮች እትም፣ ኤፍኤፍምፔግ ፍሪ፣ ከሙሉው ኤፍኤፍምፔግ ጋር ይጋጫል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። የፌዶራን ፓኬጅ ጫኝ፣ ዲኤንኤፍን፣ "ጫን" ሳይሆን "ስዋፕ" ብላችሁ እዘዙት፤ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያስገባል። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ደግሞ መልቲቨርስ የሚባለውን የማከማቻውን ክፍል ክፈቱና ኡቡንቱ ረስትሪክትድ ኤክስትራስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ።

ኡቡንቱ ላይ ጭነቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ? ተርሚናሉ ላይ ከፓኬጁ ጋር የሚመጡት የማይክሮሶፍት ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) የስምምነት ጽሑፍ ተደቅኗል። ከታች "ኦኬ" ይላል፣ ማውስ አይሠራም፣ ኢንተርም ብትጫኑ ንቅንቅ አይልም። አልተበላሸም፤ ፈቃዳችሁን እየጠበቀ ነው። ታብ ተጫኑ፣ ኦኬው ሲደምቅ ኢንተር፣ ቀጥሎ "የስ" ላይ ሂዱ። መስኮቱን በንዴት ዘግታችሁት ከሆነ፣ የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኝ፣ ዲፒኬጂ፣ በጅምር የቀረውን ማዋቀር እንዲጨርስ እዘዙት።

ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከእትም 11 ወደ 12 አሳድጋችሁ የዋይፋይ ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ማሻሻያ መምጣት ካቆመ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈርምዌሩ "ነን ፍሪ ፈርምዌር" ወደሚባል የራሱ ክፍል ተዛውሯል። ክፍሉን የማከማቻ ዝርዝራችሁ ላይ ጨምሩና አፕዴት አድርጉ።

ዲቪዲ ግን ሌላ ነገር ነው። ዲስኩ አልከፈት ካለ ችግሩ ኮዴክ ሳይሆን ሲኤስኤስ የሚባለው የዲስኩ ቁልፍ (ምስጠራ) ነው። እሱን መፍታት በአንዳንድ አገር በራሱ ክልክል ስለሆነ፣ በእውነት እላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ያላችሁበትን አገር ሕግ እዩ። ከተፈቀደ ኡቡንቱ ላይ ሊብዲቪዲ ፒኬጂን ጫኑ። ከዚያ ፓኬጁን እንደገና አዋቅሩት፤ ቁልፍ ፈቺውን አውርዶ የሚገነባው በዚያን ጊዜ ነው። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ያገኛችሁትን ፋይል ግን አትጫኑ፤ ማን እንደነካካው አይታወቅም፣ የደህንነት ማሻሻያም አይመጣለትም።